«አለቃዬ ሰደበችኝ ወይስ አመሰገነችኝ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው። በዲቪ አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። እንግሊዝኛ አገር ቤት ተምሬያለሁ። ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ። ሥራ ቦታ የሚወራው ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚመስለኝ። ሊፍት ሲዘገይ ይሳደባሉ፣ ምግብ ሲጣፍጣቸውም ይሳደባሉ።

በቀደም አስቸጋሪ የሚባሉትን አንድ አዛውንት አጥቤ፣ አልብሼ ጨርሼ አለቃዬ ገብታ አየችኝ። «ዩ አር ኤ ባድአስ!» ብላኝ ወጣች። ባድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም እንኳ በቅጡ አልላትም።

እኚሁ አዛውንት ስትሮክ መቷቸው ንግግር የላቸውም። ከአፋቸው የሚወጣው ስድብ ብቻ ነው። ልብሳቸውን ላወልቅ እጄን ስዘረጋ «ሺት! ጋድ ዳም ኢት!» ይሉኛል። ምን አደረግኳቸው? ደግሞ አንሶላ ልቀይር ነው ባልኩ ቁጥር ሁለት ወጣት ሠራተኞች ይሳሳቃሉ።

ቤት ስገባ የ13 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ጌም ሲጫወት ያንኑ ቋንቋ ያወራል። ስቆጣው «ማሚ፣ ይሄ ስድብ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ይለዋል» ይለኛል። ከሁሉ የሚብስብኝ ግን ሥራ ቦታ በተበሳጩ ቁጥር የጌታን ስም መጥራታቸው ነው። እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይምከሩኝ። ዝም ልበል? ልናገር? ወይስ እኔም ልልመደው?

ሐ. ነኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ ሐ.፣ እንደ ታናሽ እህት ቁጠሪኝ ስላልሽ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። ጥቂት ጸያፍ ቃላትን በስማቸው መጥራቴ አይቀርም። ሽፋፍኜ ባልፋቸው አንቺም ነገ ስትሰሚያቸው መደንገጥሽን አትተዪም።

አለቃሽ አመሰገነችሽ። ያውም ከልቧ። «ባድአስ» በቁሙ ቢተረጎም ጆሮ የሚያቃጥል ነገር ይወጣዋል፤ አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው። ሲነገር ግን ትርጉሙ ጀግና፣ የማትበገር፣ ከባዱን ነገር ሳትፈራ የምትወጣ ሰው ማለት ነው። እኛም ቤት አለ እኮ። እናት ቀልጣፋ ልጇን ዓይን ዓይኑን እያየች «ይሄ ሰይጣን!» ትላለች። ሰፈር ውስጥ ጓደኛሞች «አንተ ሌባ!» ተባብለው ይተቃቀፋሉ። አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ፈረንጅ ይህን ቢሰማ ፖሊስ ይጠራ ይሆናል። አንቺም እንግሊዝኛን የተማርሽው ከመጽሐፍ ስለሆነ ማልቀስሽ አይፈረድብሽም።

ያኮረፍሻት ሴት ግን ምን እንዳደረገች ሳታውቅ ነው የከረመችው። ነገ ብቻዋን ስታገኚያት እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን ባድአስ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ አሁን ገባኝ፤ ታንክ ዩ።» ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የትኛው ነው ስድብ? እንግሊዝኛ ውስጥ መልሱ ያለው ከቃሉ ይልቅ ቃሉ በሚወረወርበት ቦታ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲዘገይ «ፋኪንግ ኤሌቬተር!» ያለ ሰው ማንንም አልሰደበም፤ ብስጭቱን አወጣ እንጂ። ጣቱን በር ቀርቅሮት «ፋክ!» ያለም እንደዚያው። ያው ቃል «ዩ» ተጨምሮበት ፊትሽ ላይ ከተባለ ግን ስድብ ነው፤ አገሬውም እንደ ስድብ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ስትሰሚ መጀመሪያ ተናጋሪው ወዴት እንደሚያይ ተመልከቺ። ወደ ዕቃ ነው? ወደ ሰማይ ነው? ወደ አንቺ ነው? ይህን መለየት ስትጀምሪ ሥራ ቦታ ከሚያስደነግጥሽ ነገር ብዙው ይቀልልሻል።

በዚህ በኩል የእኛ ጆሮ የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። አማርኛ ውስጥ ከባዱ ስድብ ዘር፣ ቤተሰብና እናት የሚነካው ነው። «የውሻ ልጅ» የተባለ ሰው ነገሩን በቀላሉ አያልፈውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «ሳን ኦፍ ኤ ቢች» ብሎ አልከፈት ላለው መሳቢያ ይናገራል። መሳቢያው እናት የለውም፤ ማንም አይቀየምም። ለሰው ሲባል ደግሞ ዛሬም ያጣላል።

አንዳንዱ ቃል እንደ አገባቡ ተገለባባጭ ነው። «ሺት» ብቻውን ሲነገር ምሬት ነው። «ሆሊ ሺት» መገረም ነው። «ኖ ሺት?» እውነትህን ነው እንደ ማለት ነው። «ቡልሺት» ደግሞ ውሸት፣ የማይረባ ወሬ ነው። አንድን ነገር «ዘ ሺት» ካሉት ግን ምርጥ ነው ማለታቸው ነው፤ «ዘ» ብትቀር ትርጉሙ ተገልብጦ የማይረባ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ነገር ከመጽሐፍ ማጥናት አይቻልም። ሲነገር በመስማት ብቻ ነው የሚለመደው።

እንግሊዝ አገር እህት ወይም ዘመድ ካለሽ ደግሞ ይህን ለይተሽ ያዢ። አሜሪካ ውስጥ «ፒስድ» የሚባለው የተናደደ ሰው ነው፤ ለንደን ውስጥ የሰከረ ሰው። «ብለዲ» አሜሪካ ውስጥ ምንም ክብደት የለውም፤ እንግሊዞች ግን ድሮ የሚደነግጡበት፣ ዛሬ በየሰዓቱ የሚሉት ቃል ነው።

ጸያፍ የሚባሉት ቃላት ብዙዎቹ ከሦስት ቦታ የመጡ ናቸው፦ ከሃይማኖት፣ ከሰውነት ቆሻሻና ከሩካቤ። ድሮ ከባዱ የሃይማኖቱ ነበር። «ዳም» (እርግማን) እና «ሄል» (ሲኦል) ዛሬ ለዘብ ያሉት፣ የሚፈራቸው ሰው ስለቀነሰ ነው። የሩካቤዎቹ ደግሞ ረጅም ጊዜ በጽሑፍ እንኳ አይወጡም ነበር። ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት «ፋክ»ን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ተጨማሪ ጥራዝ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1971፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ቃል ጃኬቱ ላይ ጽፎ የወታደር ምልመላን በመቃወም ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ውስጥ የተገኘን ወጣት ነጻ አውጥቶታል። በሬዲዮና በመደበኛ ቴሌቪዥን ግን ዛሬም ገደብ አለ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ልጆች ሊሰሙ ስለሚችሉ ጸያፍ ነገር ማስተላለፍ ክልክል ነው። የምትኖሪበት ቨርጂኒያም ቢሆን ሕዝብ በተሰበሰበበት ጸያፍ ቃል መናገር እስከ 250 ዶላር ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነበር። ሕጉ የተሻረው በ2020 ነው። ሥራ ቦታሽ ካሉት መካከል በዕድሜ ገፋ ያሉት አንገታቸውን የሚነቀንቁት፣ ወጣቶቹ ምንም የማይመስላቸው ለዚህ ነው። ጊዜው ገና በመሀላቸው እያለፈ ነው።

ዛሬ ከባዱ ቃል የሩካቤውም የሃይማኖቱም አይደለም። ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በአካል ጉዳቱ፣ በማንነቱ የሚያዋርደው ነው። «ፋክ» እያለ የሚውል ሠራተኛ ሥራው ላይ ይቆያል፤ አንዲት የዘር ስድብ ከአፉ የወጣችበት ግን በማግስቱ ሊባረር ይችላል። ይህን ያዢልኝ፤ ልጅሽ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አሁን ስለ አዛውንቱ። ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን የነካው ይህኛው ነው። ስትሮክ የግራውን የአንጎል ክፍል ሲመታ ብዙ ጊዜ ንግግርን ይወስዳል። ሰውየው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ቃሉን ግን ማውጣት አይችልም። አስቦ የሚናገረው ሲጠፋ፣ ሳያስበው ከአፉ የሚወጣው ሊተርፍ ይችላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ መቁጠር፣ የልጅነት መዝሙር፣ ጸሎት፣ ሰላምታ፣ እንዲሁም ስድብ። «ውኃ» ማለት ያቃታቸው ሰው «ጋድ ዳም ኢት» ሲሉ ጥርት አድርገው ነው። ያቺ ቃል አሁን ለእሳቸው «ቀዘቀዘኝ» ልትሆን ትችላለች። «ትከሻዬን አመመኝ» ልትሆን ትችላለች። «አፈርኩ» ልትሆንም ትችላለች፤ ለማያውቋት ሴት ገላቸውን የሚገልጡ ሽማግሌ ናቸውና። አንቺን እየሰደቡሽ አይደለም፤ የቀራቸውን ቃል ነው የሚሰጡሽ።

ስለዚህ ቃሉን ትተሽ ፊታቸውን እዪ። የትኛውን እጅ ስትነኪ ነው የሚጮኹት? ስትሮኩ ያደከመው ወገን ከሆነ ቀስ ብለሽ ደግፈሽ አንሺው። ከመንካትሽ በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ውኃውንም አስነኪያቸው። አዎ ወይም አይደለም በሚል ምልክት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ «ኮልድ?»፣ «ፔይን?»። ራሳቸውን ነቅንቀው ወይም እጅሽን ጨብጠው ሊመልሱልሽ ይችላሉ። ካስተዋልሽው ለነርሷ ንገሪ፤ የንግግር ቴራፒስትም ካለ ይጠቅመዋል። ሌላም ልጨምርልሽ። ተሳድቦ የማያውቅ አዛውንት ድንገት መሳደብ ከጀመረ ዝም ብለሽ አትለፊው። በዚያ ዕድሜ የጠባይ ድንገተኛ ለውጥ የኢንፌክሽን ወይም የሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ሪፖርት አድርጊ።

ወጣቶቹ የሚስቁበትን ምክንያት ማንም ስላልነገረሽ እኔ ልንገርሽ። አንሶላው «ሺት» ነው፤ ስድቡም «ሺት» ነው። በፊደላችን ስንጽፋቸው ልዩነት የላቸውም፤ ችግሩም ያለው እዚያ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። የአንሶላው ረጅም ነው፤ ከንፈርሽን እንደ ፈገግታ ወደ ጎን ስበሽ «ሺ» ላይ ትቆያለሽ። የስድቡ አጭር ነው፤ ወደ ሳድሱ «ሽት» ይጠጋል። ስንቸኩል የአንሶላውን እናሳጥርና ሰው ፊት «ልቀይረው ነው» የምንለው ሌላ ነገር ይሆናል። ባሕር ዳርቻውና «ቢች» የሚባለው ስድብም እንደዚሁ ናቸው። ቁራጭ የሚለው «ፒስ» እና ሽንትም እንዲሁ፤ «ኤ ፒስ ኦፍ ፔፐር» ስትዪ ማስረዘም አለብሽ።

መስታወት ፊት ቆመሽ አንሶላውን እያስረዘምሽ፣ ሳድሱን እያሳጠርሽ አንድ ላይ በያቸው። ጆሮሽ ልዩነቱን ከያዘ ምላስሽ ይከተላል። እስከዚያው መውጫ አለሽ፦ «ሊነን» በይ። አንሶላውም፣ የትራስ ልብሱም፣ ብርድ ልብሱም የሚጠራበት ቃል ነው። በመጦሪያ ቤቶች የተለመደ ቃል ነውና እንግዳ አትሆኚበትም። «አይ ኒድ ቱ ቼንጅ ዘ ሊነን» ካልሽ የሚስቅ አይኖርም። የሳቁብሽ ልጆችም ሳይስቁ ቢነግሩሽ ኖሮ ደግ ያደርጉ ነበር።

ሌላው ሳትጠይቂኝ የምጨምረው፣ ጸያፍ ሳይሆን ተራ የሰፈር ቋንቋ ስለሆነው ነው። ይኼኛው ከስድቡ ይልቅ ሰው ያቀያይማል። ቡና ልቅዳልህ ስትዪው «አይም ጉድ» ያለሽ ሰው አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው፤ እንደ እኛ ሦስቴ አትለምኚው። ደስ የሚል ወሬ ስትነግሪያት «ሻት አፕ!» ያለችሽ ሴት ዝም በይ ማለቷ አይደለም፤ አትዪኝም፣ እውነት? ማለቷ ነው። «ማይ ባድ» ያለሽ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ይቅርታ ጠየቀሽ።

«እኔም ልልመደው?» ብለሻል። መስማቱን ሙሉ በሙሉ ልመጂው። መናገሩን ግን ተዪው። ይህን የምልሽ ጨዋ ሁኚ ለማለት ብቻ አይደለም። ጸያፍ ቃል ልክ የሚሆነው ጊዜው፣ ድምፁና የሰዎቹ ቅርበት ሲገጥም ነው። ያን ልክ አገሬው በልጅነቱ ያገኘዋል፤ በኋላ የመጣ ሰው ግን ሚዛኑ ያመልጠዋል። እነሱ ሲሉት የሚሳቅበት፣ አንቺ ስትዪው ክፍሉን ዝም ያሰኘዋል። መበሳጨትሽን ማሳየት ስትፈልጊ አገሬው ራሱ ያለዘባቸው ቃላት አሉልሽ፦ «ሹት»፣ «ዳርን»፣ «ዋት ዘ ሄክ»። እነዚህን ብትያቸው ብዙ ሰው አይቀየምም። «ፍሪኪንግ» ትንሽ ጠንከር ይላል፤ ለእረፍት ሰዓት እንጂ ለታካሚ ክፍል አይሆንም። «ጂዝ» የሚለውን ግን አንቺ አትወጂውም፤ «ጂሰስ» ተቆርጦ የተሠራ ነውና።

ልጅሽ በከፊል ልክ ነው። «ክራፕ»፣ «ኢት ሳክስ»፣ «ፍሪኪንግ» በእኩዮቹ ዘንድ እንደ ስድብ አይቆጠሩም። ሁሉንም በአንድ ዓይን አይተሽ ከተቆጣሽው «እናቴ እንግሊዝኛ አይገባትም» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ ከባዱን ስትነግሪውም አይሰማሽም። በሆነ ቅዳሜ አጠገብሽ አስቀምጪውና አስተማሪሽ አድርጊው። የሰማሽውን ቃል ሁሉ ጥሪለት። የትኛውን አስተማሪ ፊት ትላለህ? የትኛውን የጓደኛህ እናት ፊት? የትኛውን ለማንም አትልም? ብለሽ ጠይቂው። እያፈረ፣ እየሳቀ ይመልስልሻል፤ ሲመልስም ድንበሩን ራሱ ያሰምራል። ከዚያ የቤታችሁን ደንብ አውጪ። ቤት ውስጥ እናቱን ያስደነገጠ ቃል አይነገርም፤ ሴት ልጅ «ቢች» አትባልም፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ሁሉም የእንግሊዝኛ ስድብ ቢያመልጠው እንኳ ይህች እንዳታመልጠው የምፈልጋት ቃል አለች። «ኤን ዎርድ» እያሉ በፊደሏ ብቻ የሚጠሯት የጥቁሮች ስድብ። ልጅሽ በራፕ ሙዚቃ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማት አስቢ። ጥቁር ስለሆነም የእሱ ቃል ትመስለዋለች። ይህች ቃል ሰው በባርነት ሲሸጥ፣ ሲገረፍ፣ ዛፍ ላይ ሲሰቀል ይጠራባት የነበረች ናት። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው አንስማማባትም ይላሉ። ከፊሎቹ ገልብጠን የወዳጅነት መጠሪያ አደረግናት ይላሉ፤ በሌላ በኩል ኤን ዳብሊው ኤ ሲ ፒ የተባለው አንጋፋ የመብት ድርጅት በ2007 ዲትሮይት ላይ ሬሳ ሣጥን አስይዞ ቃሏን በምሳሌ ቀብሯታል። ያን ታሪክ ያልተሸከመ የእኛ ልጅ በዚህ ክርክር መሀል ገብቶ እንደ ፋሽን ሊለብሳት አይገባም። ነጭ ጓደኛው እሱ ፊት ቢላትም ዝም ማለት የለበትም። ይህን በአማርኛ ንገሪው፤ በራስሽ ቋንቋ ስትናገሪ ድምፅሽ ይጸናል።

ሥራ ቦታ ላይ ዝም የማትዪበትንም ልንገርሽ። የአሜሪካ ሕግ ሠራተኛ ሁሉ ጨዋ እንዲሆን አያስገድድም፤ ሊፍቱን የሰደበውን መክሰስ አትችዪም። በቀለምሽ፣ በመጣሽበት አገር፣ በሃይማኖትሽ ወይም በሴትነትሽ የሚወረወርብሽ ስድብ ግን በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ይታያል። አንድ ቀን ያመለጠች ቃል ብዙ ጊዜ ለክስ አትበቃም፤ ሲደጋገምና ሥራሽን ሲያስጠላሽ ግን ሊበቃ ይችላል። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ የሰማውን ሰው ደብተር ላይ ጻፊ። ለአለቃሽ ወይም ለሂውማን ሪሶርስ በጽሑፍ አመልክቺ። መልስ ካጣሽ ኢ ኢ ኦ ሲ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችያለሽ። የጊዜ ገደብ አለው። በመሠረቱ 180 ቀን ነው፤ በብዙ ስቴቶች እስከ 300 ይደርሳል። አንቺ ግን 180ውን አስበሽ ተንቀሳቀሺ። ታካሚ እንዲህ ቢልሽም ለአለቃሽ መንገር መብትሽ ነው። እንደ አዛውንትሽ በሕመም የሚናገር ከሆነም ሌላ ሰው እንዲረዳሽ መጠየቅ ትችያለሽ።

የጌታን ስም ስለመጥራታቸው የጻፍሽውን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። አብዛኞቹ ሲሉት ጸሎትም ስድብም አድርገው አይደለም፤ ከአፋቸው እንደ «ውይ!» ነው የሚወጣው። ያንቺ ሕመም ግን እውነተኛ ነው፤ መሸከምም የለብሽም። ይህን መጠየቅ ደግሞ በአሜሪካ እንግዳ ነገር አይደለም። በስሙ መቀለድ ኃጢአት ነው ተብለው ያደጉ፣ አጠገባቸው ሲባል የሚከፋቸው አሜሪካውያን ብዙ ናቸው። ምናልባት ሥራ ቦታሽም አንቺን የሚመስል ዝምተኛ አለ።

ሰው በተሰበሰበበት አትናገሪ፤ የሚያፍር ሰው ይከራከራል። እረፍት ሰዓት ላይ፣ አብዝቶ የሚለውን አንዱን ብቻውን አግኚው። ፊትሽን ሳታጨማድጂ በያው፦ «ፕሊዝ፣ አራውንድ ሚ፣ ዶንት ዩዝ ጂሰስ ኔም ላይክ ዛት። ኢት ሪሊ ኸርትስ ሚ።» ሌላውን ስድቡን ተዪለት፤ ይህችን አንዷን ብቻ ጠይቂው። ብዙ ሰው አንዲት ነገር ሲጠየቅ እሺ ይላል። ከለመደው ያመልጠዋል፤ ሲያመልጠው ዞር ብሎ «ሶሪ» ይልሻል። ያኔ «ታንክ ዩ» በይና ሥራሽን ቀጥዪ።